ጡት ሳጠባ ማሕፀኔን የሚያኮማትረው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሁለተኛ ልጄን በምጥ ከወለድኩ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ሕፃኑ ጡት በጎረሰ ቁጥር ከእምብርቴ በታች ምጥ የሚመስል ቁርጠት ይይዘኛል፤ እጄን ሳስቀምጥበትም እንደ ኳስ የጠጠረ ነገር እዳስሳለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እንዲህ አላመመኝም ነበር። ይህ ጡንቻ እኔ ሳላዝዘው የሚኮማተረው እንዴት ነው? ያሰጋኛልን?

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተገላገሉ። በእጅዎ የዳሰሱት ማሕፀንዎን ነው፤ በዚህ ጊዜ ጠጥሮ መገኘቱ ደግሞ እኛ ሐኪሞች አጥብቀን የምንፈልገው ነገር ነው።

ክንድዎን ሲያጥፉ የሚሠራው ጡንቻ በነርቭ በኩል ከአንጎል ትእዛዝ ይጠብቃል። የማሕፀን ግድግዳ ግን በፈቃድ ከማይታዘዘው፣ ልሙጥ ጡንቻ ከሚባለው ዓይነት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ የጡንቻ ሕዋስ ሽፋን ላይ የካልሲየም መግቢያዎች አሉ። የሽፋኑ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ሲለወጥ መግቢያዎቹ ይከፈቱና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ የነበረውም ይጨመርበታል። ካልሲየሙ ካልሞዱሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ አንድ ኢንዛይም ያነቃል፤ ኢንዛይሙም ማዮሲን በተባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ያያይዝበታል፤ ያን ጊዜ ማዮሲን አክቲን የተባለውን የሌላ ፕሮቲን ክሮች እየሳበ ሕዋሱን ያሳጥረዋል። ካልሲየሙ ሲቀንስና ፎስፌቱ ሲነሣ ጡንቻው ይላላል። ቁርጠቱ መጣ ሄድ የሚለው ስለዚህ ነው። በእርግዝና ወራት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይህን ሁሉ አርግቦ ያቆየዋል፤ መውለጃው ሲቃረብ ግን ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያገናኙት ጥቃቅን መተላለፊያዎች ስለሚበዙ ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመትና ማሕፀኑ በአንድነት ይኮማተራል።

ሕፃኑ ጡት ሲስብ የጡት ጫፍ ነርቮች ለአንጎል መልእክት ያደርሳሉ፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢም ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ሆርሞኑ በጡት ውስጥ ወተቱን ገፍቶ ያወርዳል፤ በማሕፀን ደግሞ የካልሲየሙን መጠን ይጨምራል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል የዚህች ዕጢ ጭማቂ ማሕፀንን እንደሚያኮማትር የተመለከተው እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ ዛሬ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ በመርፌ የምንሰጠው ይኸው ኦክሲቶሲን ነው።

የቁርጠቱ ጥቅም ከዚህ ላይ ይታያል። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከ500 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ነው። እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ እነዚያ የደም ሥሮች አፋቸው ተከፍቶ ይቀራል። የጡንቻው ክሮች በደም ሥሮቹ ዙሪያ ተጠላልፈው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሲኮማተሩ ሥሮቹን እንደ ቋጠሮ ያንቃሉ። ከዚያም በላይ ጡንቻው ከእያንዳንዱ መኮማተር በኋላ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ፣ አሁን እምብርትዎ አካባቢ ያለው የማሕፀን የላይኛው ጫፍ ቀስ በቀስ እየወረደ በሁለት ሳምንት ገደማ በእጅ የማይዳሰስ ይሆናል።

በመጀመሪያ ወሊድ ማሕፀኑ ብዙውን ጊዜ ሳይላላ ተኮማትሮ ይቆያል፤ ደጋግማ በወለደች እናት ግን ይላላና እንደገና ይጠጥራል። የሁለተኛው ሕመም የበረታብዎት ለዚህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሦስተኛው ቀን ገደማ ይቀልላል። ብዙ እናቶች «ምጡ ካለፈ ወዲያ ምን ብዬ ልናገር» ብለው ሕመሙን ችለው ይቀመጣሉ፤ እኔ ግን መታከም አለበት እላለሁ። የሞላ ፊኛ ማሕፀኑን ወደ ላይ እየገፋ በደንብ እንዳይኮማተር ስለሚያደርግ፣ ከማጥባትዎ በፊት ሽንትዎን ይሽኑ። አይቡፕሮፌን ጡንቻውን የሚያነሣሣውን ፕሮስታግላንዲን ስለሚቀንስ ጥሩ ማስታገሻ ነው፤ ወደ ወተት የሚያልፈውም እጅግ ጥቂት ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ካለብዎ ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱት።

ሕመሙ ፋታ የማይሰጥ ከሆነ፣ ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ በዚያው ቀን ይታዩ። አንድ የንጽሕና መጠበቂያ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ከራሰ፣ ወይም ያ ጠጣር ኳስ ላልቶ ደሙ ከበረታ፣ የሚያጅብዎት ሰው ሆድዎን ከእምብርት በታች በክብ እያሸ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።