ስልኩ ከኪስ የሚወጣው መቼ ነው? ለጎንደር ጌም ሠሪ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ፋሲል ግቢን ሳስጎበኝ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሰሞኑን ስለ ግቢው፣ ጎብኚ እየዞረ በስልኩ የሚጫወተው ጌም መሥራት የምትፈልጉ ወጣቶች ምክር ጠይቃችሁኛል። እኩዮቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ጌም ማለት ለእነሱ ልጅ ማባበያ ነው። እኔ ግን ከእናንተ ጋር ነኝ። ጎብኚ የነገርኩትን ገና በሩን ሳይወጣ ይረሳዋል፤ ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ግን ለቤተሰቡ ሳይቀር ያወራል።

ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚታይ ነገር ስልክ አታስወጡ። ስልክ የሚወጣው የጠፋውን ለማሳየት ይሁን።

አጥሩን ውሰዱ። 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በሮቹ 12 ናቸው። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ወንበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እርግብ በር እያለ ይቀጥላል። ለዚህ ምን ስልክ ያስፈልጋል? ለአንዱ ጎብኚ «ዳኛ ነህ፣ ችሎት ረፍዶብሃል» የሚል ወረቀት ስጡት። ለሌላዋ «ተዝካር ተጠርተሻል» የሚል። በየት በር እንደሚገቡ ራሳቸው ይፈልጉ። አጥሩን መዞር፣ ዘበኛውን መጠየቅ፣ ሊስትሮውን መጠየቅ፣ ቡና የምታፈላዋን እናት መጠየቅ ግድ ነው። አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ያመለክታቸዋል። መከራከር ይጀምራሉ። ይሄኔ ጌማችሁ ሠርቷል ማለት ነው።

የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በኋላ ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደበደበው። የውስጡ ጌጥ ሲወራ እንሰማለን፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ባዶ ግድግዳና ሰማይ ነው። እዚህ ስልኩን አውጡት። ጎብኚው ወደ ላይ ሲያነሣው ጣሪያው ይታየው። የአንበሳ ቤቱም ባዶ ነው፤ እዚያ ምስል እንኳ አያስፈልግም፣ አንድ የሚያገሣ ድምፅ ይበቃል።

ነጥብና ኮከብ መደርደሩን ብትተዉት ደስ ይለኛል። የራሳችን ጨዋታ አለን እኮ! እንቆቅልሽ ላይ ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ካልወደደው እምቢ ብሎ ሌላ ያስመርጣል። ይህን ወደ ግቢው አምጡት። ያልመለሰ የፋሲልን ግንብ ይስጥ፣ ካልሆነም የእቴጌ ምንትዋብን። የትኛው እንደሚሻል ሲደራደሩ ማን ምን እንዳሠራ ሳይታወቃቸው ያውቁታል።

መጀመሪያ የምትሞክሩት ደግሞ በፈረንጅ ሳይሆን በሰፈር ልጅ ይሁን። ጎንደር ተወልዶ ግቢውን አንዴ ከትምህርት ቤት ጋር ብቻ ያየ ልጅ ሞልቷል። እሱ ከሰለቸው ማንም ይሰለቸዋል። ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቆም ጌም እዚህ አገር ምን ይሠራል?

ስለ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ልቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ስልክ ይዞ እየዞሩ የሚጫወቱት ፖክሞን ጎ የሚባል ጌም ዓለምን ሲያዳርስ፣ ናዚዎች ብዙ ሕዝብ የፈጁበት የአውሽቪትስ መታሰቢያ እዚህ አትጫወቱብን ብሎ ነበር። እውነቱን ነው። እናንተም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ሰው እንዲሯሯጥ የሚያደርግ ነገር አትሥሩ። ካህናቱን አስቀድማችሁ አማክሩ። ከተፈቀደላችሁ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቁጠሩ አትበሉ። የሚቆጥር ሰው አያይም። «ወዴት እንደሚያዩ አስተውል» በሉት፤ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ይህም ያለ ስልክ ነው።

እዚያው ሳለን፦ ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። የንብ መንጋ ነው ያባረራቸው ይባላል። መትረፉ ታሪክ ነው፣ ንቡ ትውፊት ነው። ሁለቱንም አስገቡ፤ ግን በመልክም በድምፅም ይለዩ። ንቡን አትሰርዙት፣ እኔ ራሴ እወደዋለሁ።

የአስጎብኚዎችን እንጀራም አትንኩ። የመጨረሻው መልስ ስልኩ ውስጥ ሳይሆን አስጎብኚው ጋ ይቀመጥ። ጎብኚው መጥቶ ይጠይቀው። እናንተም አጋር ታገኛላችሁ እንጂ ጠላት አታፈሩም።

ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የበዓሉን ጌም እንሥራ የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። በዕለቱ አይሆንም። ፋሲል መዋኛ ዙሪያ እግር ማሳረፊያ የለም፤ ስልኩን እያየ የሚሄድ ሰው ይረገጣል። ከጥር 10 በፊት ባሉት ቀናት ግን ይጠቅማል። እንግዳው ታቦታቱ በየት እንደሚያልፉ፣ የት ቢቆም ሳይገፋ እንደሚያይ፣ መቼ መንገድ መልቀቅ እንዳለበት ሆቴሉ ተቀምጦ ይለማመድ። ለበዓሉ ሲወጣ ስልኩን እዚያው ትቶት ይምጣ።