ስለ ጃፓን አሠራር ለመማር፦ ሁለተኛ ዲግሪ ወይስ ፋብሪካ?

ውድ ጠያቂያችን፣

በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ምህንድስና ትምህርትዎን ሊያጠናቅቁ መቃረብዎን ገልጸው፣ የአሜሪካ አምራቾች ከጃፓን የሚማሩት ብዙ ነገር ስላለ በጃፓን ኢኮኖሚና ታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል ለሥራ ይጠቅምዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። ምክሬ ዲግሪውን ለጊዜው አቆይተው በአሜሪካ ካሉት የጃፓን ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ እንዲጀምሩ ነው።

ምክንያቴን በካሊፎርኒያዋ ፍሪሞንት ከተማ በሆነው ላስረዳዎት። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 በዚያ የነበረውን የመኪና ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ከሥራ መቅረትና ከአለቆች ጋር መጋጨት የዘወትር ነገር ሆኖ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ኑሚ ተብሎ ሲከፈት አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው ነበር። የተለወጠው የሥራው አደረጃጀት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ጃፓን ተልከው ከቶዮታ ባልደረቦች ጎን ቆመው ሠለጠኑ። ከዚያ ወዲያ ብሎን አልገባ ያለው ሠራተኛ ከአናቱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ወዲያው ደርሶ ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ ችግሩን አብሮት ይመረምራል፤ ካልተፈታ የመገጣጠሚያ መስመሩ ይቆማል። የፋብሪካው ጥራት ብዙም ሳይቆይ ከጃፓኖቹ ጋር የሚወዳደር ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ ግን ይህንን አሠራር ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማዳረስ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ገመዱን መስቀል ቀላል ነው፣ ገመዱ ሲሳብ የሚደርስ መሪ ማፍራት ግን ከባድ ነው። አሠሪዎች የሚፈልጉት ይህንን የሚችል ሰው ነው።

በቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉንም ነገር ለጃፓን ባህል እንዳይሰጡ ይጠንቀቁ። የጥራት ቁጥጥርን ስታቲስቲካዊ ዘዴ በ1950 ለጃፓን መሐንዲሶችና ሥራ አስኪያጆች ካስተማሩት አንዱ አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ሲሆኑ፣ ጃፓኖች በ1951 በስማቸው ሽልማት ሲያቋቁሙ በአገራቸው እምብዛም አይታወቁም ነበር። የጃፓን ነገር ሁሉ አርአያ እንዳልሆነም ይወቁ፦ ትልልቅ ኩባንያዎች አዳዲስ ተመራቂዎችን በአንድ ጊዜ የመቅጠር ልማድ ስላላቸው፣ በ1990ዎቹ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ወቅት የተመረቁ ብዙ ወጣቶች ያ አንድ ዕድል አምልጧቸው ቋሚ ሥራ ሳያገኙ ዓመታት አሳልፈዋል።

ስለዚህ በኬንታኪ ጆርጅታውን ባለው የቶዮታ ወይም በኦሃዮ ሜሪስቪል ባለው የሆንዳ ፋብሪካ በምርት ሂደት መሐንዲስነት ያመልክቱ። ሠራተኛ ችግር ሲያጋጥመው መስመሩን ማቆም ይችል እንደሆነ፣ ማን እንደሚደርስለትም ይጠይቁ። ማታ ማታ ጃፓንኛ ይጀምሩ። ሁለት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላም ሁለተኛ ዲግሪው አሁንም ካማረዎት፣ ወጪውን በከፊል አሠሪዎ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመው ያነጋግሩ።