ማኅተሙ ላይ «ኃ.የተ.የግ.ማ» ካለ ዕዳው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ለአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ብረትና ሲሚንቶ በዱቤ ሰጥቻለሁ። ውሉ ላይ የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ማኅተሙ ግን «ኃ.የተ.የግ.ማ» ይላል። ድርጅቱ መክፈል ቢያቅተው የሰውየውን ቤት ማሳገድ እችላለሁ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ በዚህ ውል ብቻ አይችሉም። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ስለሆነ ባለዕዳዎ ማኅበሩ እንጂ ፈራሚው አይደለም። አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ባለ አንድ አባል ማኅበርም ስለሚፈቅድ «ድርጅቱ የእሱ ብቻ ነው» መባሉም መልሱን አይለውጠውም። «አ.ማ» (አክሲዮን ማኅበር) ቢሆንም ያው ነው። «ኅ.ሽ.ማ» (የኅብረት ሽርክና ማኅበር) ከሆነ ግን አባላቱ በግል ሀብታቸው ጭምር ይጠየቃሉ። የንግድ ፈቃዱ በግለሰብ ስም ከወጣ ደግሞ፣ የሱቁ ስም የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ ባለዕዳው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ለሚቀጥለው ዱቤ ሥራ አስኪያጁን በግሉ ዋስ ያስገቡት። ብዙ ውል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፦ በፍ/ብ/ሕ/ቁ (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር) 1922 መሠረት የዋስትናው ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። «ለሚጎድለው ሁሉ ዋስ ነኝ» አይበቃም፤ «እስከ 400,000 ብር» ተብሎ ይጻፍ። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ሰውየውም ሁለት ቦታ ይፈርም፤ አንዱን በማኅተም ስለ ማኅበሩ፣ ሌላውን ያለ ማኅተም ስለ ራሱ። «በአንድነትና በነጠላ» (ገንዘብ ጠያቂው ሙሉ ዕዳውን ከፈለገው ከአንዱ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው) የሚለው ከሌለ ዋሱ «መጀመሪያ የማኅበሩ ንብረት ይፈለግ» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠበቃዬ በጻፈው መልስ ላይ ያለው «ሰ/መ/ቁ» ምንድን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ የሰበር መዝገብ ቁጥር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚያይ ችሎት) የሰጠው የሕግ ትርጉም ደሴ ያለውንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል።

ጥያቄ፦ ከቻይና ማሽን ላስመጣ ነው። ዋጋው «ሲ.አይ.ኤፍ. ጂቡቲ» ይላል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ድረስ ያለውን ይሸፍናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሸፍንም። ሻጩ የከፈለው የዕቃውን ዋጋ፣ ኢንሹራንሱንና እስከ ጂቡቲ ወደብ ያለውን የመርከብ ጭነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የመኪና ኪራይ የእርስዎ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ግን አደጋውን ነው። ማሽኑ ቻይና ላይ መርከብ ውስጥ ከገባ በኋላ ባሕር ላይ ቢጎዳ ጉዳቱ የገዢው ነው፤ ካሳ የሚጠይቁት ከሻጩ ሳይሆን ከኢንሹራንሱ ነው። በውሉ ሌላ ካልተስማሙ ደግሞ ሻጩ የሚገዛው ዝቅተኛውን የኢንሹራንስ ሽፋን ነው፤ ለማሽን በዚያ ባይረኩ ይሻላል። ዋጋው «ሲ.ኤፍ.አር.» ቢል ሻጩ ከዕቃው ጋር የመርከብ ጭነቱን እንጂ ኢንሹራንሱን አይከፍልም፤ «ኤፍ.ኦ.ቢ.» ቢል የመርከብ ጭነቱም ኢንሹራንሱም በእርስዎ ነው። ከምኅጻረ ቃሉ ቀጥሎ የወደቡን ስምና «ኢንኮተርምስ 2020» (የእነዚህን ምኅጻረ ቃላት ትርጉም የሚወስነው ዓለም አቀፍ የንግድ ደንብ) የሚለውን ያስጽፉ።