ሜቶትሬክሴት ለምን አልሠራልኝም? ጥያቄና መልስ ከፋርማሲስቱ ጋር

ፋርማሲስቱ፦ እንደምን አመሻችሁ። ስለ ሩማቶይድ አርትራይትስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን ስለሚያጠቃበት ሕመም፣ መድኃኒት ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፦ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ቤዛ፦ ዶክተር፣ እናቴ ሁለት ወር ወስዳ ጠዋት ጠዋት ጣቷን ማጠፍ አቅቷታል። ለምን?

ፋርማሲስቱ፦ ዶክተር አይደለሁም። ስንት ሚሊግራም ነው?

ቤዛ፦ አራት ፍሬ፣ 10 ሚሊግራም።

ፋርማሲስቱ፦ እሱ እኮ መነሻው ነው። የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ምርመራዋ እየታየ ሐኪሟ ከፍ ያደርገዋል፤ እስከ 25 የሚደርስ አለ። ለውጡ የሚታየውም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሰው ብዙም የማያነሳው ሌላ ነገር አለ። በአፍ ሲወሰድ መጠኑ ከ15 ሚሊግራም ካለፈ አንጀት የሚቀበለው ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። ስምንት ፍሬ የዋጠ ሰው የስምንቱን ጥቅም አያገኝም። ያኔ በቆዳ ሥር በመርፌ ሲሰጥ፣ አልሠራም የተባለው መድኃኒት የሚሠራበት ጊዜ አለ። ደም ውስጥ ከገባም በኋላ ሴል ውስጥ ገብቶ፣ ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር እየተቀጠለለት እዚያው መቆየት አለበት። ይህ በአንዱ ሰው ቶሎ ይሆናል፣ በሌላው ይዘገያል፤ በከፊል የዘር ውርስ ጉዳይ ነው። እናትሽ መድኃኒቱ አልሆነላትም ለማለት ገና ነው።

የሐረር ልጅ፦ ሲጋራስ?

ፋርማሲስቱ፦ አጫሾች ላይ መድኃኒቱ ደከም ይላል። አቁም።

አስካለ፦ እኔ ሲያቅለሸልሸኝ ትቼ የሽፈራው ቅጠል ጀመርኩ።

ማርዬ፦ ጠበል የያዘ ሰው ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል?

ዳዊት፦ ተይ እንጂ ማርዬ! አባቶች ራሳቸው መድኃኒታችሁን እየዋጣችሁ ተጠመቁ እያሉ።

ማርዬ፦ የእኛዎቹ እንደዚያ አይሉም።

ፋርማሲስቱ፦ ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ። አስካለ፣ ፎሊክ አሲድ ታዞልሻል? ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። ብዙ ሰው በድብቅ ያቆምና ለሐኪሙ «አልሠራልኝም» ይላል። ሐኪሙም አምኖ ወደ ከባዱ መድኃኒት ያሸጋግረዋል። ያቆማችሁ ንገሩት፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ጌታነህ፦ መገጣጠሚያዬ አልተወኝም። ምን ልውሰድ?

ፋርማሲስቱ፦ የቱ መገጣጠሚያ? ከመቼ ጀምሮ? ምን እየወሰድክ? ሪህ ይሁን ሩማቶይድ በምን ተለየ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

ሙሉ፦ ቶሎ እንዲሠራ በየቀኑ ብወስደውስ?

ፋርማሲስቱ፦ መጀመሪያ ላይ ምን ጻፍኩ? በሳምንት አንድ ቀን! ቀኑን ካርድሽ ላይ አጽፊ፤ «ሰኞ» ተብሎ ይጻፍ።

ዳዊት፦ ሙሉ መጠኑን ወስዶም ያልሠራለትስ?

ፋርማሲስቱ፦ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይጨመሩለታል፣ ወይም ወደ ባዮሎጂክ መርፌ (በሕያው ሴል የሚመረት፣ የሰውነት መከላከያን የሚያረግብ መድኃኒት) ይሄዳል። ከመርፌው በፊት የቲቢ ምርመራ ግድ ነው። እኛ አገር ቲቢ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቷል፤ አንዳንዱ መርፌ ይቀሰቅሰዋል። ፕሬድኒሶሎን ብቻውን እየዋጡ ዓመት መቀመጥ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሕመሙን ያስታግሳል፣ አጥንት ያሳሳል።

ሄለን ከሪያድ፦ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ። ትናንት ለሽንት ኢንፌክሽን ባክትሪም ሰጡኝ፣ ችግር አለው?

ፋርማሲስቱ፦ አለው! ሁለቱ አንድ ላይ መቅኔን ያዳክማሉ፣ የደም ሴል ይወርዳል። ስንት ፍሬ ዋጥሽ?

ሄለን ከሪያድ፦ ሁለት። ነገ ክሊኒክ እሄዳለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ ነገ አይደለም እህቴ፣ አሁን ደውዪላቸው። ሌላ ባክትሪም ሳትውጪ ሜቶትሬክሴት እንደምትወስጂ ንገሪያቸው፤ ሌላ አንቲባዮቲክ ይስጡሽ፣ የደም ምርመራም ይሥሩልሽ። ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ካለሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። የሌሎቻችሁን ጥያቄ ሄለን ከደወለች በኋላ እመልሳለሁ።