ጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ ፈንገስ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። ስኳር የለብኝም፤ ኤችአይቪ ተመርምሬ ነፃ ነኝ፤ ሲጋራም አላጨስም። ሳሉ ግን ይኸው ሁለት ወር አልለቀቀኝም። ሌሊት ያልበኛል፤ ከስቻለሁ። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጨረስኩ። ቲቢም የለብሽም ተባልኩ። በመጨረሻ ከሳንባዬ ናሙና ተወስዶ «ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ነው» አሉኝ። ፈንገስ የሚይዘው አቅሙ የደከመ ሰው አይደለም እንዴ? ልጆቼንስ አስይዛቸው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆችዎ ልጀምር። ይህ በሽታ በሳል ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንደልብዎ ይሳሟቸው።

አቅም የደከመበትን ሰው ጠብቀው የሚያጠቁ ፈንገሶች አሉ፤ ልክ ነዎት። ሂስቶፕላዝማ ግን ጤነኛውንም ይይዛል። የሚኖረው የወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ በተጠራቀመበት አፈር ነው። አፈሩ ሲቆፈር፣ ያረጀ ጣሪያ ሲጠረግ ብናኙ ይነሳል። በአፍንጫ ይገባል፤ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ መልኩን ቀይሮ እንደ እርሾ ይራባል። ትንሽ የሳበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፍለታል። ብዙ ከሳቡ ግን ጉልበት አያድንም። የእሱ ዘመድ የሆነው ኮክሲዲዮይድስም እንዲሁ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ምድር ሲንቀጠቀጥ አቧራው ብቻ ስንቱን ጤነኛ አልጋ ላይ ጣለው።

እኔም አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ስፖርተኛ ወጣት ነበር። ኒሞኒያ ነው ብዬ አንቲባዮቲክ ሰጠሁት፤ ሲመለስ ሌላ ቀየርኩለት። «ከመታመምህ በፊት የት ነበርክ?» ያልኩት በሦስተኛው ነው። ለካ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ ገብቶ ኖሯል! ምንም ወጪ የሌላት ጥያቄ መጨረሻ ላይ ትዝ አለችኝ።

ሕክምናው አለ። ቀለል ያለው ያለ መድኃኒትም ይድናል። እንደርስዎ ከወር በላይ ለቆየበት የተለመደው ኢትራኮናዞል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ሳንባን ቦርቡሮ ከሆነ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ካፕሱሉ ከተሰጠዎት ከምግብ ጋር ይዋጡት። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ያለ አሲድ ካፕሱሉ በደንብ አይሠራም። የጉበት ምርመራውንም አይዝለሉ።

ሕመሙ የሚጀምረው ብናኙ ከተሳበ ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ወደኋላ ቆጥረው ያስታውሱ፤ ምን አጸዱ? የት ገቡ? አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ይደውሉለት። እሱም እያሳለ ይሆናል።