86 በመቶው የማን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በአካባቢያችን የነዋሪዎች ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ስለ ሕፃናት ክትባት መረጃ እንዲሰጠን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አመልክተን፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ በሠንጠረዥ የተሞላ ጥራዝ ደረሰን። በጥራዙ መሠረት ከሕፃናቱ 86 በመቶው ተከትበዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ እናቶች ግን «ወደ እኛ የመጣ ሰው የለም» ይላሉ። የትኛውን እንመን? አንዳንድ አባላት ደግሞ መረጃ መሰብሰብ ሲነሣ ሕመማችን በአደባባይ ይወጣል ብለው ይሰጋሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሠንጠረዡም እናቶቹም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል ከወንዙ ወዲህ 800 ሕፃናት ኖረው 760ዎቹ ቢከተቡ፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት 200 ሕፃናት ደግሞ የተከተቡት 100 ብቻ ቢሆኑ፣ ድምሩ ከ1,000 ሕፃናት 860 ይሆናል፤ ይኸውም የተሰጣችሁ 86 በመቶ ነው። ወዲህ ያለው 95፣ ማዶ ያለው 50 በመቶ መሆኑን አማካዩ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ደብዳቤያችሁ በጥቅሉ «መረጃ ይሰጠን» ከሚል ይልቅ፣ አሃዙ በየመንደሩና በየሕክምና ተቋሙ ተከፋፍሎ እንዲሰጣችሁ በግልጽ ይጠይቅ።

ደብዳቤውን ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው መረጃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት ወደ መንደር ቀረብ ይላል፤ ይሁንና የቤተሰቡን ኑሮ ወይም የእናቲቱን የትምህርት ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ አይመዘግብም፤ ወደ ተቋሙ ያልመጣውን ሰው ደግሞ ጨርሶ አያየውም። በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄደው የቤተሰብ ጥናት ግን ኑሮንና ትምህርትን ይጠይቃል፤ ነገር ግን ናሙናው የተመረጠው ለአገር ወይም ለሰፊ ክልል ስለሆነ ስለ አንድ መንደር ለመፍረድ አይበቃም። አንዱ ምንጭ የሌለውን ከዚያው ምንጭ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ከሥር የሚቀመጠውን አካፋይ ቁጥር ጠይቁ። የተከተቡት ሕፃናት ብዛት ከተቋሙ መዝገብ ሲወሰድ፣ መከተብ የነበረባቸው ሕፃናት ብዛት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቆየ የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ ከተሠራ ግምት ነው። በዚህ ምክንያት የክትባት ሽፋን 104 በመቶ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ማንም ሁለት ጊዜ ስለተከተበ ሳይሆን ግምቱ ከእውነተኛው ቁጥር ስላነሰ ነው። በተቃራኒው አዲስ ሰፈር ተመሥርቶ ግምቱ ውስጥ ሳይገባ ከቀረ፣ በዚያ የሚኖር ያልተከተበ ሕፃን ከላይም ከታችም አይቆጠርም፤ ለሠንጠረዡ አልተወለደም ማለት ይቻላል። ማኅበራችሁ ከማንም በላይ ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ቤት ለቤት መቁጠር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ቆጣሪዎቹ ግን ከወንዙ ማዶ የሚኖሩና በሰፈሩ የሚታወቁ ቢሆኑ ይመረጣል።

ይህን የምንለው ለማኅበሩ ደስታ ብለን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን አድራሻ አሰባስበው የብሮድ ጎዳናን የውኃ ፓምፕ መጠርጠራቸው ብዙ ተነግሮለታል። የሰፈሩ ወጣት ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ግን እምብዛም አይነሡም። ዋይትሄድ በመጀመሪያ የሐኪሙን ሐሳብ አልተቀበሉም፤ ቤት ለቤት መጠየቅ የጀመሩትም ስሕተቱን ለማሳየት ነበር። ምእመናኑን በቅርብ ስለሚያውቁ ግን ለባዕድ የማይነገረውን ሰሙ፤ በፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት የታመመች ሕፃን የሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ለጉድጓዱ እጅግ ቅርብ በሆነ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ይደፋ እንደነበር ደረሱበት፤ አቋማቸውንም ለወጡ። ሐኪሙ የሟቾቹን አድራሻ የሚያሳይ ካርታ ነበራቸው፤ በሩን የሚከፍትላቸው ሰው ግን ቄሱ ነበሩ።

የአባላቱ ስጋት በቂ ምክንያት አለው፤ «ስም አልጻፍንም» የሚለው መልስም አይበቃም። ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ በአሜሪካ የልደት ቀን፣ ጾታና ባለ 5 አሃዝ የፖስታ ኮድ ብቻ ተጣምረው ከሕዝቡ 87 በመቶ የሚሆነውን በየግሉ ለመለየት ያስችሉ ነበር። በትንሽ መንደር ደግሞ ይህም አያስፈልግም፤ «አንድ የቲቢ ሕመምተኛ፣ ሴት፣ ከ60 ዓመት በላይ» ተብሎ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ለአደባባይ በሚወጣ ሠንጠረዥ ከ5 በታች የሆኑ ቁጥሮችን አለመጻፍ፣ ወይም አጎራባች መንደሮችን አንድ ላይ መደመር የተለመደ ጥንቃቄ ነው። እንደ እናቶች ሞት ያለ በቁጥር ጥቂት የሆነ ክስተት ከሆነ የበርካታ ዓመታትን አንድ ላይ መደመር ያሻል፤ አለዚያ ከአንድ ወደ ሁለት ማደጉ «እጥፍ ሆነ» ተብሎ ያለ ምክንያት ሰው ያስደነግጣል።

ቆጠራው የማን ንብረት እንደሚሆንም ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። በካናዳ ያሉ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ስለ ራሳቸው በሚሰበሰብ መረጃ ላይ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና ይዞታ እንዲኖራቸው የሚጠይቅ መርሕ አላቸው፤ እናንተም ቅጹ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚወገድ በአንድ ገጽ ማስፈር አያቅታችሁም። ውጤቱን ለጽሕፈት ቤቱ ከማስገባታችሁ በፊት ከወንዙ ማዶ ላሉት እናቶች በስብሰባ አንብቡላቸው። ቁጥሩ ከሚያውቁት ጋር ካልተስማማ የጎደለውን ቤት የሚያመለክቱት እነርሱ ናቸው፤ ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ቢዘገይም ይህን አትለፉት።