ትንበያው ተሻሻለ፣ ፋይሉ ግን አልቀነሰ አለ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ድምፅን ጥራቱ ሳይነካ የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ቀጣዩን ናሙና (በየቅጽበቱ የተለካውን የድምፅ ቁጥር) ካለፉት ናሙናዎች ይገምትና ስህተቱን ብቻ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ያለፉትን 2 ብቻ ነበር የሚያየው፤ 8 ሳደርገው ፋይሉ ደህና አድርጎ ቀነሰ። ደስ ብሎኝ ወደ 32 ወሰድኩት፣ ለውጡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ ይህን ሥራ የጀመረ ሁሉ እዚችው ጋ ይቆማል።

በቁጥር እንየው። ያለፉት ሁለት ናሙናዎች 1000 እና 1040 ናቸው እንበል። የመጨረሻው ይደገማል ብሎ የሚገምት ቀመር 1040 ይላል፤ ጭማሪው በዚያው ይቀጥላል የሚለው ደግሞ 1080። እውነተኛው 1077 ሆኖ ቢመጣ አንዱ በ37 ሳተ፣ ሌላው በ3 ብቻ። ስህተቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ከየናሙናው 1 ቢት ገደማ ይተርፋል። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ያውም በ2 ቻናል ስለሆነ ይቺ አንድ ቢት በሰከንድ 88,200 ቢት ትሆናለች። ቀላል አይደለም!

ግን ስህተቱን እየደጋገሙ በግማሽ መቀነስ አይቻልም። በቀረጻው ውስጥ የማይክሮፎኑና የማጉያው ኖይዝ አለ፣ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ በዘፈቀደ ነው የሚመጣው፤ 32 አይደለም 3,200 ናሙና ወደ ኋላ ቢያዩ ቀጣዩን አይነግርዎትም። በዚያ ላይ ማባዣዎቹም፣ ማለትም ቀመሩ ያለፉትን ናሙናዎች የሚያባዛባቸው ቁጥሮች፣ ቦታ ይፈልጋሉ። እያንዳንዱን በ14 ቢት ካስቀመጡ 32ቱ በየብሎኩ (ድምፁ በተከፋፈለበት በየቁራጩ) 448 ቢት ይወስዳሉ፣ ስለዚህ ብሎኩ አጭር ከሆነ ያተረፉትን መልሰው ይበሉታል። ጥራት ሳይነካ ድምፅ የሚጨምቀው ታዋቂው ፍላክ (FLAC) እስከ 32 ይፈቅዳል፣ ግን ከፍተኛው የማመቂያ ደረጃው እንኳ የሚጠቀመው 12 ነው።

እኔ ብሆን ቁጥሩን ትቼ ወደ ስቴሪዮው እሄድ ነበር። ግራና ቀኙ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚመሳሰሉ የሁለቱን ልዩነት ማስቀመጥ ብቻውን ይረዳል፤ የተሻለው ግን ቀኙን ሲገምቱ የግራውን ያለፉ ናሙናዎች፣ የአሁኑንም ጭምር፣ ቀመሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ግራው ቀድሞ እስከተፈታ ድረስ ፈቺው (ፋይሉን መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ፕሮግራም) ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ትልቁ እርምጃ ማባዣዎቹን ጨርሶ አለማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላ ስህተቱን አይቶ ማባዣዎቹን ትንሽ ትንሽ ያስተካክላል፣ ፈቺውም ያንኑ ስህተት ስለሚያገኝ በዚያው መንገድ ያስተካክላል። መንኪስ ኦዲዮ (Monkey's Audio) የሚባለው ሌላው ጥራት የማይነካ ጨማቂ የሚሠራው እንዲህ ነው። ማባዣ ስለማያስቀምጥ በመቶዎች፣ በላይኛው ደረጃ ደግሞ ከሺ በላይ ናሙና ወደ ኋላ ለማየት አይሰስትም፤ ብዙ ናሙና የሚያየውንና ጥቂት የሚያየውን የመገመቻ ቀመር ያደራርብና የአንዱን ስህተት ለሌላው ያቀብላል። ዋጋው ግን ሲፈታም የዚያኑ ያህል ይደክማል። ፍላክ ላይ የሚለፋው ጨማቂው ብቻ ነው፣ በደካማ መሣሪያ ሳይቀር ያለ ችግር የሚጫወተውም ለዚህ ነው። ፋይሉ ለማህደር ከሆነ ይግፉበት፤ ለስልክ ከሆነ ግን ባይደክሙ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ፦ የሚስተካከለውን ቀመር በሙሉ ቁጥር ይሥሩት። በነጥብ ቁጥር (እንደ 0.37 ባለ ክፍልፋይ ቁጥር) ከሠሩት ሁለት ኮምፒውተሮች በማጠጋጋት ላይ ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያቺ ልዩነት ናሙና በናሙና እየተከመረች ከሄደች ፋይሉ በእርስዎ ማሽን ላይ በትክክል ይፈታና በሌላው ላይ ከመሃል ጀምሮ ጩኸት ይሆናል።